የጆንያ ሰፊዋ ድምፅ

ዝናቡ ከላስታ ተራሮች በኩል እየመጣ ነበር። ዘነቡ አሊ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ የጋሸና ነፋስ እምብዛም በማይደርስበት ጥግ፣ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣ ደመናውን ታያለች። ፊት ለፊቷ ሦስት ከባድ መኪናዎች ቆመዋል። አንደኛው ጠዋት ተራግፏል። ሁለቱ እስከ አፋቸው ስንዴ እንደተጫኑ ናቸው። በአካባቢው ግን አንድም ተሸካሚ የለም።

ዕለቱ አርብ ነው፤ ሙስሊሞቹ ተሸካሚዎች ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ገብተዋል። ቀኑ ደግሞ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ከማለዳ ጀምረው ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም።

በሌላ ጊዜ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። የጋሸናዎቹ ጫኝና አውራጆች ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ የተስማሙበት ወግ አለ። የክርስቲያን በዓል ሲሆን ሙስሊሞቹ ይሸከማሉ። አርብ ቀትር ላይ ደግሞ ክርስቲያኖቹ። ማታ ድርሻ ሲከፋፈል የተሸከመና የጸለየ አይለይም። ወገቡ የተጎዳውም፣ ሳል አልጋ ላይ የጣለውም እኩል ያገኛል። የተቀደደ ጆንያ የምትሰፋው ዘነቡም እንደዚያው። ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን የገጠሙ ጊዜ ግን ቀትር ላይ የሚሸከም ሰው አይኖርም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ያን ቀን መኪና ካለ ሾፌሩ ትንሽ ያርፋል፣ ከሰላት በኋላ ይራገፍለታል፣ በቃ።

ይታገሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ለተቸገሩ የሚታደለውን የሴፍቲኔት ስንዴ ለማመላለስ ውል የያዘው ነጋዴ እሱ ነው። ሐሙስ እንዲመጡ፣ ካልሆነም ቅዳሜ እንዲደርሱ ማኅበሩ ለምኖት ነበር። እሱ ግን አርብን መረጠ።

ነገሩ የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ይታገሱ አንድ ቀን ወደ መጋዘኑ መጥቶ፣ ተሸካሚዎቹ ምሳ ሲበሉ መሀላቸው ቆመ።

“ስሙኝማ” አለ፣ “እኔ ከማንም ጠብ የለኝም። ግን ሥራ ለሠራ ነው የሚከፈለው። ጠንካራ ጠንካራውን ራሳችሁ ምረጡልኝ፤ በወር ደሞዝ እቀጥራለሁ። ዝናብ ዘነበ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ደሞዛችሁ አይቀርም። ሽማግሌውንና ባለመርፌዋን ግን እኔ ምን ላድርጋቸው? ጆንያ የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ መርፌ አይደለም።”

ሽማግሌው የተባሉት አያ አብዱልጀባር ነበሩ። ድሮ ሁለት ጆንያ ደርበው መሰላል የሚወጡ ሰው፣ ዛሬ ወገባቸው አልታዘዝ ብሎ ተራ ያስከብራሉ። የጎረሱትን እስኪውጡ ጠበቁና፣

“ልጅ ይታገሱ” አሉ፣ “ያንተ ትከሻ መቼ ተሸክሞ ያውቃል? ድርሻህ ግን ከሁላችንም ይበልጣል።”

ሰዉ ሳቀ። ይታገሱ አልሳቀም።

በሳምንቱ ደሳለ መጣ። ከከተማው ጽሕፈት ቤት የሚላክ፣ ትሕትና የማይጎድለው ወጣት ኃላፊ ነው። እሱም የራሱን መፍትሔ ይዞ ነበር፤ ማኅበሩ ከጽሕፈት ቤቱ ሥር ይግባ፣ ሊቀመንበር ከላይ ይመደብለት፣ ያን ጊዜ ይታገሱም ማንም አይነካውም አለ። ሊቀመንበሩ ደባሱ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማው።

“የኔ ወንድም” አለው፣ “አባቴ በደርግ ጊዜ በሬዎቹን ለማኅበር ያስረከበው ተገዶ ነው። ማኅበር የሚባለውን ስም በሰማ ቁጥር እስኪሞት ድረስ ይተፋ ነበር። እኔ ይችን ቃል መልሼ አፌ ውስጥ ያስገባኋት ማንም ስላልሾመብኝ ነው። ተወን፤ እንደ ጀመርን እንሞክረው።”

“እንግዲህ ከይታገሱ ጋር ያላችሁ ውል ላይ ‘ማኅበሩ ሥራ ቦታ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል’ ይላል። አንድ ቀን ብትቀሩ እኔ ላድናችሁ አልችልም” ብሎ ደሳለ ሄደ።

ስለዚህ ይታገሱ አርብን ሲመርጥ ሁሉም ገባቸው። ቀትር ላይ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን የራሱን ተሸካሚዎች አምጥቶ ሊያራግፍ፣ ደሳለንም ጠርቶ “ይኸው ማኅበሩ የለም” ሊል ነው። ሐሙስ ማታ ተሰበሰቡ። ብዙ ተጨቃጨቁ። ሰላቱ ይቅር ያለ ነበር፤ ጊዮርጊስን ሽረን እንሸከም ያለም ነበር፤ ለዚያኛው “በረዶ ሲወርድ የማን ማሳ ላይ የሚወርድ ይመስልሃል?” የሚል መልስ ተሰጠው። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው። ጠዋት ሙስሊሞቹ የቻሉትን ያራግፋሉ። የውጭ ሰው እጁን ያሳረፈበትን ጭነት ግን ከማኅበሩ ማንም አይነካም፣ በጣቱም ቢሆን። የነካ እስከ መስከረም ድረስ ከድርሻ ይወጣል። ዘነቡም ከሌሎቹ ጋር እጇን አነሣች።

እና አሁን ብቻዋን ተቀምጣ ደመናውን ታያለች።

ቀትሩ ገና ሳይጋመስ ከኮን ከተማ በኩል አንድ አይሱዙ መጣ። ጎረምሶች ከላዩ ዘለው ወረዱ። ይታገሱ ከኋላ በራሱ መኪና ደረሰ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእጁ አመለከታቸውና እዚያው ውስጥ ቆየ። አንደኛው ጎረምሳ በአንገቱ ያለውን ማተብ በእጁ ነካ፣ አማተበ፣ ከዚያ ወደ መኪናው ወጣ። ዘነቡ ፊቷን አዞረች። እንግዲህ ጭነቱ የተከለከለ ሆነ።

ጎረምሶቹ ሥራውን አያውቁትም። የማኅበሩ ሰዎች ጆንያውን ከላይ ወደ ትከሻ ያንሸራትቱታል፤ እነዚህ ይወረውሩታል። የመጀመሪያው መሬት ሲመታ ስፌቱ ተፈታ። ሁለተኛውም። ስንዴው በትናንቱ ዝናብ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። አንዱ ለመተላለፊያ እንዲመቸው በእግሩ ወደ ጎን ገፋው።

“የኔ አይደለም” አለች ዘነቡ በልቧ። “ይታገሱ ይጠየቅበት።”

ግን ይታገሱ እንደማይጠየቅበት ታውቃለች። ያች ስንዴ የት እንደምትደርስ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ባሏ ኢክሪማ ተሸካሚ ነበር። ያን ጊዜ ማኅበር የለም፤ አንድ አለቃ ነበር፣ ሰውን በቀን እየቀጠረ ግማሹን ለራሱ የሚያስቀር። ኢክሪማ ጭነት ተንዶበት ሲሞት አለቃው ከፈን ገዝቶ ላከ፤ በዚያው ተቆረጠ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አለቃውም ጠፋ። ያን ክረምት ዘነቡ ሴት ልጇን ይዛ በዚህ መጋዘን በር ላይ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፋለች። የሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመ ሁልጊዜ የሚደርሰው የረጠበው ነው። ሻግቶ፣ ታጥቦም ሽታው አይለቅም። ልጅቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታስመልስ ከርማለች።

መንገዱ ሲከፈት ደባሱና አያ አብዱልጀባር የቀሩትን ተሸካሚዎች ሰብስበው ያለ አለቃ ለመሥራት ተማማሉ። ዘነቡ መጥታ ሥራ ስጡኝ አለች። የኢክሪማ ሚስት ናትና በየወሩ እንርዳት ያሉ ነበሩ። “እርዳታ አልጠየቅኩም” አለቻቸው። የተቀደደ ጆንያ ይዛ ሄዳ በማግሥቱ ሰፍታ አመጣችው። ስንዴ የማያፈስ ጆንያ ለመኪናውም ለመጋዘኑም ሒሳብ የሚያተርፍ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው አዩ። ያም ሆኖ እኩል ድርሻ ይሰጣት በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ነበር። አንዳንዱ እስከ ዛሬም ልቡ አልተቀበለውም።

የዝናብ ጠብታ እጇ ላይ አረፈ። ቀና አለች። ሌላ ጠብታ።

ሦስተኛው ጆንያ ከላይ መጥቶ ሲፈነዳ ዘነቡ ተነሥታ ቆማ ነበር።

“በእግርህ አትግፋው” አለች።

ጎረምሳው ዞሮ አያት። “እናቴ፣ ዝናብ መጣ እኮ።”

“ለዚህ ነው የምልህ። ያን ሸራ ወደዚህ ሳቡት። የተፈታውን እዚህ አምጡልኝ። አትወርውሩት፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አውርዱት።”

“አንቺ ደግሞ ማነሽ?”

“የምሰፋ።”

“ይች ጋሸና” አለ ጎረምሳው ለጓደኛው፣ “ስንዴዋም ልብስ ታሰፋለች።” ግን ሸራውን ሳበው።

ጉልበቷን ጭቃው ላይ አሳርፋ መስፋት ጀመረች። የተበተነውን ላይ ላዩን በእጇ እየዛቀች ትመልሳለች፣ ጭቃ የነካውን ለብቻ ታደርጋለች፣ አፉን አጥፋ በሲባጎ ትሰፋለች። በየመሀሉ ወደ በሩ ታያለች። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ ሰላቱ ሲያልቅ ተሸካሚዎቹ በዚህ በር ነው የሚገቡት።

የይታገሱ መኪና በር ተከፈተ።

“እንዴ፣ ባለመርፌዋ!” አለ ይታገሱ፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ እየቀረበ። “ማኅበርሽ አትንኩ አላለም እንዴ? ደግ አደረግሽ። ከነሱ ሁሉ አንቺ ልብ አለሽ። ማታ ሒሳብሽን ከኔ ትወስጃለሽ።”

“ካንተ የምወስደው የለም።”

“ታዲያ ለማን ነው የምትሰፊው?”

ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰች።

ብዙም ሳይቆይ ደሳለ ዣንጥላ ይዞ በእግሩ መጣ። ሜይ ዴይ ነው፣ የሠራተኞች ቀን፤ ቢሮ ዝግ ነበር። ከቤቱ ተጠርቶ እንደመጣ ፊቱ ላይ ይነበባል።

“ይኸው ተመልከት” አለው ይታገሱ። “መኪናው ቆሞ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የማኅበሩ አንድ ሰው የለም። ይህንኑ መዝግብልኝ።”

ደሳለ ግቢውን አየ። ዓይኑ ዘነቡ ላይ አረፈ።

“እርስዎስ፣ እናቴ? ከሱ ጋር ነው የመጡት?”

ዘነቡ እጇን ከጆንያው ሳታወጣ ቀና አለች። የምትናገረው ነገር ወዴት እንደሚወስዳት አውቃለች። ዝም ብትል ማኅበሩ አልተገኘም፤ ውሉ ፈረሰ። ከተናገረች ደግሞ የተከለከለውን ጭነት መንካቷን በመንግሥት ሰው ፊት አመነች ማለት ነው።

“የማኅበሩ አባል ነኝ” አለች። “ያን መኪና ጠዋት ያራገፉት የኛ ሰዎች ናቸው። የሰላት ሰዓት ሆኖ ሄዱ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።”

“እሷ ተሸካሚ አይደለችም!” አለ ይታገሱ።

“አባል ናት ወይስ አይደለችም?”

“መርፌ ይዛ የምትቀመጥ ሴት ናት። ምኗ አባል ነው?”

“ይታገሱ” አለ ደሳለ፣ ዣንጥላውን ነፋሱ እየጎተተበት፣ “አባል ካለች ማኅበሩ አልቀረም። በዕረፍት ቀን አስጠርተህ ከሴትዮ ጋር አታጨቃጭቀኝ። የምመዘግበው ያየሁትን ነው።” ጥቂት ቆሞ ስፌቱን አየ፤ ከዚያ የመጣበትን መንገድ ይዞ ሄደ።

ወዲያው ሰላቱ አለቀ። መጀመሪያ አያ አብዱልጀባር በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ፤ ከኋላቸው ሌሎቹ። በሩ ላይ ቆሙ። ዝናቡ በነጠላቸውና በኮፍያቸው ላይ ይወርዳል፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

“ዘነቡ” አሉ፣ “ምን እያደረግሽ ነው?”

“እየሰፋሁ።”

“ውሳኔው አልደረሰሽም?”

“ደርሶኛል፣ አያ። እጄንም አንሥቼበታለሁ።”

አያ አብዱልጀባር ወደ ግድግዳው ሄደው ከዝናቡ ተጠልለው ተቀመጡ። ሌሎቹ ቆመው ያዩ ነበር። አንድ ጆንያ ሸራው ዳር ላይ ተጋድሞ ሲረጥብ ሁሉም አዩት፤ ማንም አልነካውም። ዘነቡ ራሷ ጎትታ አስገባችው። ሥራውን ከማታውቃቸው ጎረምሶች ጋር፣ የራሷ ሰዎች እያዩዋት፣ እስከ መጨረሻው ጨረሰች።

እሑድ ከሰዓት በመጋዘኑ ጓሮ ባለው ክፍል ተሰበሰቡ። ዝናቡ አላቆመም። ደባሱ ወሬውን አስቀድሞ ሰምቶ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። ዓይኑ ይናገራል። ዘነቡ የምትቀመጥበትን ስትፈልግ ሁለት ሰዎች መሀላቸው ቦታ ለቀቁላት፤ አንዱ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ማዶ ሄደ።

“ነገሩ ሁላችሁም የምታውቁት ነው” አለ ደባሱ። “እትዬ ዘነቡ ጭነቱን ነካች። በዚያው ደግሞ ውላችን ተረፈ። ሁለቱም እውነት ነው። ተናገሩ።”

“ምን የሚነገር አለ?” አለ አንዱ። “እኔ ዝናብ ላይ የቆምኩት ልቤ ስለማይራራ ነው? ቃል ስለገባሁ ነው። እሷ ያፈረሰችውን እኔ ነገ ለምን አላፈርስም?”

“እሷ ባትኖር ዛሬ የይታገሱ ቅጥረኞች ነበርን!” አለ ሌላው።

አያ አብዱልጀባር እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደርበው፣ ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ። “ዘነቡ ለኔ እንደ እኅት ናት። ግን ለምንወዳት ሕጉን ካላላን፣ ነገ ለምንፈራው እናላላለን። እኔ ትቀጣ ነው የምለው።”

እስከ መስከረም ማለት ክረምቱን ሙሉ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ ወልደ ኪዳን ተነሣ። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ታናሽ ነው፤ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ዘነቡን ከልቡ የሚወዳት። መውጫ ያገኘ መስሎት ፊቱ በርቷል።

“አንድ ነገር ልበል” አለ። “ሐሙስ ምን ነበር ያልነው? ማንም ጭነት እንዳይነካ ነው፤ ጭነት የሚነካ ደግሞ ተሸካሚ ነው። ውሳኔው የተሸካሚ ነው። እትዬ ዘነቡ ተሸከመች? አልተሸከመችም። መርፌን የሚመለከት ነገር አልተወሰነም። እንግዲያ አላጠፋችም፤ ምን ያጨቃጭቀናል?”

የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። “እውነቱን ነው” አለ አንዱ። “ተሸካሚ አይደለችም እኮ” አለ ሌላው። ደባሱ እንኳ ትከሻው ዝቅ ሲል ዘነቡ አየች። ሊምሯት ነው። ግን ልቧ አልተቀበለውም፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባትም።

“ድምፅ እንስጥበት” አለ ደባሱ። “ውሳኔው ተሸካሚ ያልሆነን አይመለከትም የምትሉ።”

እጆች ተነሡ። ደባሱ ቆጠረ።

“ይመለከታታል የምትሉ።”

አያ አብዱልጀባር አስቀድመው አነሡ። ሌሎችም። ደባሱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።

“እኩል ለእኩል ነው” አለ። ድምፅ ሲተካከል ሊቀመንበሩ ይለያል። ሁሉም ወደሱ ዞሩ፤ ወደየት እንደሚያዘነብልም ከፊቱ ይታይ ነበር።

“ገና ነው” አለች ዘነቡ። “የኔን አልቆጠርክም፣ አያ ደባሱ።”

“ያንቺን?”

“ሁለቱም ጊዜ እጄን አላነሣሁም።”

“እትዬ ዘነቡ፣ ተይ” አለ ወልደ ኪዳን ዝቅ ባለ ድምፅ። “አልቋል እኮ። አትነሺ።”

ተነሥታ ቆመች። በሰው ፊት መናገር አትወድም።

“ይታገሱ ምን ነበር ያለው? የሚሸከመው መርፌ አይደለም ነበር ያለው። አሁን እናንተ ያንኑ ልትሉልኝ ነው። ውሳኔው የማይመለከተኝ ከሆነ ድርሻው በምን ይመለከተኛል? እስከ ዛሬ ስበላ የነበረው ምጽዋት ነበር ማለት ነው።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ደግሞ ከትናንት ወዲያ ለመንግሥት ሰው አባል ነኝ ብያለሁ። ዛሬ አይደለሽም ካላችሁኝ ይታገሱ ነገ ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። እኔንም ውሸታም አደረጋችሁኝ። ስንዴውን ነክቻለሁ፤ ነገም ቢመጣ እነካዋለሁ። ግን ቃሌን አፍርሻለሁ።”

እጇን አነሣች።

“ይመለከተኛል” አለች።

ደባሱ እጇን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ዝቅ እንድታደርገው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። አላደረገችም።

“እስከ መስከረም” አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ።

የተቀጣ ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ዘነቡ ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመች። ክረምቱን በምን እንደምትወጣው አሰበች። ሁለት በጎች አሏት። አንዷን መሸጥ ይቻላል፤ ከዚያስ? ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

የከዘራ ድምፅ ሰማች። አያ አብዱልጀባር አጠገቧ ለመቀመጥ ወገባቸው እስኪታዘዝላቸው ትንሽ ታገሉ።

“ተቀየምሽኝ?”

“እርስዎም እኔም አንድ ላይ አይደል እጃችንን ያነሣነው?” አለች። “ማን ማንን ይቀየማል?”

“ላ ኢላሀ ኢለላህ” አሉ ሽማግሌው። “ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዘነቡ።”

“አውቃለሁ።”

ከውስጥ የደባሱ ድምፅ ይሰማል። ይታገሱ አዲስ ነገር አምጥቷል፤ ገና የሚመጣውን ስንዴ ማኅበሩ እንዲያራግፍ ተስማምቷል፣ በበዓልም ሆነ በሕመም ከሥራ የቀረ ሰው ድርሻ ግን ከአሁን በኋላ በውሉ ላይ አይገባም ብሏል። ጭቅጭቁ ከፊተኛው ባሰ። አንዱ እንቀበል አለ፣ ሌላው ጮኸበት። ከዚያ በሩ ተከፈተና ወልደ ኪዳን ብቅ አለ። ፊቱ ተኮሳትሯል።

“ምን ሆናችሁ ነው የምትቀመጡት?” አለ። “ድምፅ ልንሰጥ ነው።”

“እኔ ተቀጥቻለሁ” አለች ዘነቡ።

“ከድርሻ ነው እንጂ የወጣሽው ከድምፅ ማን አስወጣሽ? አያ ደባሱ ያለሷ አልቆጥርም ብሏል።” በሩን በእግሩ ደግፎ ያዘላቸው። “ግቡ፤ ዝናቡ እየገባ ነው።”

ዘነቡ ተነሣች። ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዛ ደገፈቻቸውና ገቡ።